ሽጉጡ ሲጮህ የልጅ ልጆቿ ላይ ነበርኩ

ሰው በስድብ ይወቀሳል፤ በሐሜት ይወቀሳል፤ በእርግማን ይወቀሳል። የሚገባው ነው። እኔ ግን በስድሳ ሰባት ዓመቴ፣ በሰው አገር፣ በምርቃት ተወቀስኩ። ያውም አንድ ቀን ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት። የሩጫው ወቅት ከተከፈተ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ፣ አራት ውድድር ሙሉ ተወቀስኩ። እስቲ ላጫውታችሁና እናንተው ፍረዱ። እኔን የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም፤ ማዳም ዛሬ ጉልበቷን አሟት ከቤት አትወጣም።

ኩዌት፣ ቁርጡባ የሚባል ሰፈር ውስጥ የአንዲት አሮጊት ማዳም ሹፌር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳሽከረክር መኪናዋን አንድም ቀን አልጫርኩባትም። ምስጢሩ ትምህርት እንዳይመስላችሁ፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ምስጢሩ አለመቸኮል ነው። ሌላው ሰው እንደ ተወረወረ ድንጋይ ሲያልፈኝ እኔ ቀኝ ጠርዜን ይዤ፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሰው እየተጎተትኩ እሄዳለሁ። ማዳም አንዳንዴ ከኋላ ወንበር ሆና «ሞተሩ ጠፋ እንዴ?» ትለኛለች። «የለም ማዳም፣ እየሄድን ነው» እላታለሁ። በመስኮት ታይና «ላንተ ብዬ አመንኩ» ትላለች።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ከሩጫ ጋር ማን አገናኘው? አዜብ ናት።

አዜብ ሳልሚያ በሚባለው ሰፈር አንድ የሴቶች ሳሎን ውስጥ ፀጉር የምትሠራ የአገሬ ልጅ ናት። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጓደኛዬ ነበር። ሲሞት «ልጄን አደራ» ብሎኛል። አደራ ብሎ ከሞተ ሰው ጋር ደግሞ ክርክር የለም፤ መልስ አይሰጣችሁም። ልጅቷ ብሌን ትባላለች። በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ አደገች። ዘንድሮ ኮሌጅ ገባች። ኮሌጁ ለሩጫ ቡድኑ የሚሮጡለትን ልጆች በነፃ ያስተምራል። ነፃ የሚባል ነገር ግን ሁልጊዜ ጭራ አለው፤ የዚህኛው ጭራ፣ በወቅቱ መጨረሻ ውድድር ላይ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ መግባት ነው። ካልገባች ነፃው ይቀራል። ነፃው ከቀረ ትምህርቱ ይቀራል። ትምህርቱ ከቀረ በተማሪነት የተሰጣት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ማለት ነው፣ እሱም ይቀራል። ኢቃማው ከቀረ ልጅቷ በአራት ዓመቷ ወደ ለቀቀችው፣ ከአክስቷ ፎቶግራፍ በቀር ወደማታውቀው አገር ትሳፈራለች፤ እናቷ እዚህ፣ እሷ እዚያ። ክር ላይ እንደተሰካ ጨሌ አንዱ ከወለቀ ሁሉም ይፈሳል።

ውድድሩ የሚደረገው ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ ሳሎኑ በሰው ይጨናነቃል፤ አዜብ መሄድ አትችልም። እኔ ደግሞ ዓርብ ዕረፍቴ ነው። «ጋሼ፣ ማድረስና መመለስ ብቻ ነው» አለችኝ። ብቻ የምትለው ቃል ስንቱን ጉድ አስገብታለች!

ከማዳም መኪናዋን ለመዋስ ስጠይቅ፣

«ልጅቷን ማን ያባርራታል?» አለችኝ።

«ማንም አያባርራትም፣ ማዳም።»

«ታዲያ ለምን ትሮጣለች?»

«ለትምህርት ነው።»

«በእኛ ጊዜ ለትምህርት ይቀመጡ ነበር» ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ።

ውድድሩ አገር አቋራጭ ይባላል። ስሙን ስሰማ ልጆቹ ከአንድ ዳር ተነሥተው ሌላ ዳር የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ለካ የጀህራን ከተማ አልፎ በረሃው ጫፍ ላይ ባንዲራ ተተክሎ፣ ያንን እየዞሩ አምስት ኪሎ ሜትር ሮጠው እዚያው የተነሡበት ቦታ መመለስ ነው። እንግዲህ እዚያው ለመመለስ ከሆነ ዝም ብሎ መቆም ምን ነበረበት? ይህንን ለብሌን ብነግራት ሳቀችብኝ። ደግሞ እዚህ አገር ያገኘኝ ሁሉ ሐበሻ መሆኔን ሲያውቅ «አንተም ሯጭ ነበርክ?» ይለኛል። እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ከንብ።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። ጀህራ ጠዋት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ነፋሱ አሸዋ እየዘገነ ፊት ላይ ይበትናል። ሰባ የሚሆኑ ልጃገረዶች ከየኮሌጁ መጥተው በኖራ በተሰመረ መስመር ላይ ይተሻሻሉ። የብሌን አሰልጣኝ ካፒቴን የሚሉት ቱኒዚያዊ ነው፤ ቀጭን፣ ባለቆብ፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለየው። መነሻው አጠገብ ደግሞ አንድ ወፍራም ግብፃዊ ሰውዬ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ኪሱ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ እኔ በምን አውቄ?

ጥፋቴ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋት ከተባለ። በእኛ ቤት ሰው ለመንገድ ሲነሣ ሳይመረቅ አይወጣም። አባቴ የሰፈሩ መራቂ ነበሩ። ሁለት ነገር አስተምረውኛል። አንደኛ፣ ምርቃት ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አይዘለልም። ሁለተኛ፣ የተጀመረ ምርቃት አይቆረጥም። ግማሽ ምርቃት እንደ ግማሽ ድልድይ ነው፤ የተሻገረበትን ሰው ወንዙ መሃል ይጥለዋል።

ብሌን ሹራቧን አውልቃ ሰጠችኝና በቁምጣ እየተንቀጠቀጠች ፊቴ ቆመች። ጎንበስ አለች፤ መዳፎቿን ዘረጋች። እናቷ አሳድጋታለች።

«እግርሽን እንቅፋት አይንካው።»

«አሜን።»

«የረገጥሽው አሸዋ ምንጣፍ ይሁንልሽ።»

«አሜን።»

«ከፊትሽ ያለውን ያስይዝሽ፤ ከኋላሽ ያለውን አያስደርስብሽ።»

«አሜን።»

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ለእናንተም የማወራው ባልኖረኝ። ግን ከእግር ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ ነው መንገዱ። ወገብ ላይ ሲደረስ ትዳር ይመጣል፤ ትዳር ከመጣ ልጅ ይመጣል። «ወልደሽ ሳሚ፤ ዘርተሽ ቃሚ፤ የልጅ ልጆችሽን …» እያልኩ ሳለ ከኋላዬ ጧ! አለ።

መሬት ልተኛ ምንም አልቀረኝ። ዞር ብል ሰባዎቹ ልጃገረዶች ጭስ ሆነዋል። ስመለስ ብሌን እንዳጎነበሰች ናት፤ መዳፏ እንደተዘረጋ፣ ዓይኗ መሬት ላይ። ምን ላድርግ? የልጅ ልጆቿን መንገድ ላይ ጥያቸው ልሂድ?

«… አስታቅፎ፣ ሽበትሽን ያሳይሽ።»

«አሜን።»

ካፒቴኑ እየበረረ መጣ። «ያ ሐጂ! ያ ሐጂ! ምን እያደረግክ ነው?» ሐጂ አይደለሁም፣ ክርስቲያን ነኝ ብዬ ማስረዳት ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽበት ካለህ እዚህ አገር ሐጂ ነህ።

«እየመረቅኋት ነው።»

«ተተኩሷል እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ዓይንና ምላስ ብቻ።»

ሰውዬው ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። እኔም ነገር እንዳይከር ብዬ አፈጠንኩት፦ «ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ምላስ ይሰውርሽ፤ በይ ሂጂ!»

«አሜን!» ብላ ተፈተለከች። እንዴት ያለ ሩጫ ነበር! ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይታ ተነሥታ ሃምሳ ስድስቱን አልፋ አሥራ አራተኛ ወጣች። ካፒቴኑ ግን ያለፈቻቸውን አልቆጠረም፤ ያላለፈቻቸውን አሥራ ሦስቱን እየቆጠረ ለሩብ ሰዓት ጮኸብኝ። የኔ ዓረብኛ የኩሽናና የመንገድ ዓረብኛ ስለሆነ ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግማሽ ግን በቂዬ ነበር።

ማታ አዜብ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ከጀርባዋ የፀጉር ማድረቂያው እንደ አውሮፕላን ይጮሃል። «ጋሼ፣ በእመብርሃን! ልጄን እኮ ሊያስባርሩብኝ ነው! ከፈለጉ እቤት መጥተው ቀኑን ሙሉ ይመርቁን፤ እዚያ ግን …» ከዚያ በኋላ ማድረቂያው ዋጠው። መዋጡ ጥሩ ነበር።

ለሁለተኛው ዓርብ ብልሃት አገኘሁ። ምርቃቱን እዚያ ከመድረሳችን በፊት፣ መኪና ውስጥ እጨርሰዋለሁ! በዚህ ብልሃቴ ሦስት ቀን ሙሉ ስኮራ ሰነበትኩ። ሞኝ ሰው ሐሳብ ሲያገኝ እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ እየዞረ ያየዋል።

ከሳልሚያ አንሥቻት ስድስተኛውን ሪንግ ሮድ፣ የቀለበት መንገዱን፣ ይዘን እንደወጣን ጀመርኩ። ቀኝ እጄ ወደ ላይ፣ ግራዬ መሪው ላይ። እግር አለቀ። ጉልበት አለቀ። ወገብ ላይ ስንደርስ የጀህራ መውጫ በቀኛችን አለፈ። እኔ ምን አይቼ! ትዳር ላይ ነበርኩ። ብሌንም «አሜን፣ አሜን» ትላለች እንጂ አትናገርም። ዓይንና ምላስ ላይ ደርሼ፣ እጄን አውርጄ፣ እፎይ ብዬ ምልክቱን ባነብ «ዓብደሊ» ይላል። የኢራቅ ድንበር ማለት ነው።

«ብሌንዬ፣ መውጫውን አልፈነው ይሆን?»

«ቆየን፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም?»

«ምርቃት አይቆረጥም ብለኸኝ የለ?»

ወይ ጉድ! መዞሪያ እስክናገኝ ሌላ ብዙ ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔም በአነዳዴ ነው የምነዳው። ስንደርስ ልጆቹ ተነሥተው አቧራቸው ብቻ ይታያል። ብሌን መኪናው ሳይቆም በሩን ከፍታ ከወንበሯ ተነሥታ ሮጠች ብላችሁ አልዋሸሁም። አሥራ ሁለተኛ ወጣች። ካፒቴኑ በዚህ ጊዜ አልጮኸም። አንድ ረጅም ገመድ አመጣ፤ ሁለት ችካል ተከለ፤ ገመዱን አሰረ፤ ገመዱን በጣቱ እያሳየ «ያ ሐጂ፣ ከዚህ ወዲህ እግርህ እንዳያልፍ። ሳል እንኳ ቢይዝህ ከዚያ ማዶ ሆነህ ሳል» አለኝ። በሬ እንኳ እንዲህ አይከለልም።

ሦስተኛው ዓርብ እንግዲህ የመከራው ሁሉ አባት ነው።

በዚያን ቀን አፌን ዘግቼ፣ ከገመዱ ማዶ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። መቼም ሰው ከዚህ በላይ ጨዋ ሊሆን አይችልም። ሆኖም የብሌን ቡድን ልጆች ነገሩን ሲታዘቡ ከርመው ኖሯል። ሁለት ጊዜ ከሁሉ ኋላ ተነሥታ ከሃምሳ ሰው በላይ ስታልፍ አይተዋል። ያም የሆነው ሽማግሌው በጆሮዋ በሚለው ነገር ነው ብለው ቆርጠዋል። ካፒቴኑ ወደ ዳኞቹ ድንኳን ሲሄድ ጠብቀው ስድስቱም በገመዱ ሥር እየሾለኩ ወደኔ መጡ፤ ብሌን ከፊት። አንዷ ሶርያዊት፣ አንዷ ፊሊፒናዊት፣ ሁለት የኩዌት እኅትማማቾች፣ ሁለት ሕንዶች።

«አባባ፣ ለእነሱም ዱዓ አድርግላቸው ይሉሃል» አለች ብሌን። ዱዓ ጸሎት ማለት ነው።

«ተከልክያለሁ፤ ገመዱን አታዩም?»

«አንተ እኮ አላለፍክም። እኛ ነን ያለፍነው።»

ይህ ሕግ ያውቃል የሚባል ሰው ነገር ነው፤ ኮሌጅ ለካ ይኸን ነው የሚያስተምረው። ቀና ብዬ ሳይ ሰባቱም ጎንበስ ብለዋል፤ አሥራ አራት መዳፍ ተዘርግቷል። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ለማኝ እንኳ አሥራ አራት መዳፍ ባንድ ጊዜ አይዘረጋባችሁም።

አሳጥራለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ጀመርኩ። ግን የሰባት ሰው እግር ከአንድ ሰው እግር ይበዛል። ደግሞ ለአንዷ ብቻ ብለህ ሌላዋን ብትዘል ቅሬታ ነው። ለፊሊፒናዊቷ ባሕር ማዶ ያለች እናቷን ጤና ለመንኩ፤ ለሶርያዊቷ ቤታቸውን እንዲያቀናላቸው፤ ለኩዌቶቹ እኅትማማቾች ቀድማ የምታገባው ሌላኛዋን እንዳታስቀና። አማርኛዬ አይገባቸውም፤ ግን አንድ ላይ «አሚን!» ሲሉ በረሃው ያስተጋባል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከአባቴ ወዲህ እንዲህ የተሰማ ምርቃት የለም። ጥሞኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ባለሽጉጡ ግብፃዊ ምስኪን ጠብቆናል። ሽጉጡን ወደ ላይ እንደያዘ ዓይኑ እኛ ላይ ነበር አሉ። የሌላው ኮሌጅ አሰልጣኝ ግን «ሽማግሌው እስኪጨርስ ልጆቻችን በብርድ ይሙቱ ወይ?» ብሎ ጮኸበት። ጧ!

ዓይኔን ስገልጥ የአንድ ኮሌጅ ቡድን ሙሉው፣ ከነመለዮው፣ ፊቴ አጎንብሷል፤ ሌላው ዓለም ሄዷል። ካፒቴኑ ከድንኳኑ ወጣ። መነሻው ላይ ፈለጋቸው። የሉም። ገመዱ ማዶ አያቸው። ቀስ ብሎ አሸዋው ላይ ተቀመጠና ቆቡን ፊቱ ላይ ደፋ። ልጆቹ ተፈትልከው ሄደው እንኳ አልተነሣም። ቀርቤ «ካፒቴን» ብለው ከቆቡ ሥር ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያ ሐጂ፣ እኔ ምን በደልኩህ?» አለኝ። ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር።

ብሌን በዚያን ቀን አሥራ አንደኛ ወጣች። ከአሥሩ አንድ ጎደላት። የቀረው አንድ ውድድር ነው፤ የመጨረሻው፣ የሚቆጠረው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶውን ታኝካለች። ካፒቴኑ ለሁሉም ሰጥቷቸው ኖሯል፤ «ዘንድሮ ሩጫው ምን አስተማረሽ?» ብለው ጽፈው የሚያስገቡት ነው።

«ምን ጻፍሽ?» አልኳት።

«ባዶ ነው።»

«አባባ በምርቃት አስቸገረኝ ብለሽ ጻፊ፤ እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ። እንዲያውም አሁን የካፒቴኑን ቤት አሳዪኝና እግሩ ላይ ልውደቅ።»

«ተው አባባ። ይቅርታ እንዳትጠይቀው።» ከዚያ በመስኮት እያየች፣ «እውነቱን ከጻፍኩ ያስወጡኛል» አለች።

«የምን እውነት?»

ሹራቧን ከትከሻዋ ወደ ታች ሳበች። ትከሻዋ ላይ አራት ትንንሽ ጠባሳ በሰልፍ ተደርድሯል። አምና፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለች፣ መነሻው ላይ ሲተኮስ ተገፍታ ወድቃ፣ ባለብረት ጥርስ ጫማ ረግጧት አልፏል። ለእናቷ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ነው ያለቻት።

«ሽጉጡ ሲጮህ የሰባ ሰው ክርን ባንዴ ነው የሚመጣው፣ አባባ። እግሬ ይታሰራል። አንተ ስትመርቀኝ እነሱ ያልፋሉ፤ መንገዱ ባዶ ይሆናል። ባዶ ከሆነ እሮጣለሁ። ‹አሜን› ስል ቀስ የምለው ለዚያ ነው። መውጫውንም ያላስታወስኩህ ለዚያ ነው።»

እንግዲህ አያችሁልኝ! ሦስት ወር ሙሉ የጠጣሁት ስድብ!

«ታዲያ ሰውየው እኔን ሲያዋርደኝ ቆመሽ ታያለሽ?»

«እኔ ብናገር ከቡድኑ ያስወጡኛል። አንተን ከምን ያስወጡሃል?»

እውነት ከምን ያስወጡኛል?

«እና ለመጨረሻውስ?» አልኳት።

«አርዝምልኝ።»

«ካረዘምኩልሽ ከአሥሩ አትገቢም እኮ። ሦስቴ አይተነዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ካሳጠርኩትስ?»

«መስመሩ ላይ እቆምና እግሬ ይታሰራል።» እስክሪብቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ለእማዬ እንዳትነግራት። ሩጫውን ተዪ ትለኛለች።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት አንድዬ ይወቀው። ባረዝም ልጅቷ ትሳፈራለች፤ ባሳጥር ልጅቷ ትረገጣለች። አዜብ በየቀኑ ድምፅ ትልካለች፦ «ጋሼ፣ ያቺን አንዲት ቀን ብቻ ዝም ይበሉልኝ፤ እግርዎን አጥባለሁ።» ምስጢሩን ይዤ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ግራ ቢገባኝ ማዳምን በዘወርዋራ ጠየቅኋት፦ «ማዳም፣ አጭር ንግግር ይሻላል ወይስ ረጅም?» በመስታወት ትክ ብላ አየችኝ። «ከማን ጋር ልታወዳድር ነው? አንተ አጭር ተናግረህ ታውቃለህ?» ከዚህች ምክር አላገኝም ብዬ ተውኩት።

የመጨረሻው ዓርብ ካፒቴኑ ገመድም አላስፈለገው። መኪናው ድረስ መጥቶ «ያ ሐጂ፣ ዛሬ ከመኪና አትወርድም። መስኮት መክፈት ትችላለህ» አለኝ። መስኮቱን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ባለሽጉጡ ግብፃዊ ከሩቅ እጁን አውለበለበልኝ፤ ወዳጅ ሆነናል። ልጆቹ ወደ መስመሩ መሰብሰብ ጀመሩ። ብሌን መጣች። ከንፈሯ ነጥቷል። ሁለት መዳፎቿን በመስኮቱ ውስጥ አስገባች።

ምን ልበላችሁ፣ እኔም አላውቅም ነበር። አፌ ብቻ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ሌላ ጊዜ ከእግር የምጀምረውን ያን ዕለት ከትንሿ ጣት ጀመርኩ።

«ጣትሽን እንቅፋት አይምታው።»

«አሜን።»

«ተረከዝሽን እሾህ አይውጋሽ።»

«አሜን።»

«ቁርጭምጭሚትሽ አይታጠፍብሽ።»

«አሜን» አለች፤ ግን ዓይኗ እንደ ሌላው ጊዜ መሬት ላይ አልነበረም። አንገቷን አዙራ መስመሩን ታያለች። ልጆቹ ክርን ለክርን ገጥመዋል። ጉልበት ላይ ደረስኩ። «ጉልበትሽን ያጽናው …»

«አሜን።» እጄን ሳመችና እጇን አወጣች።

«ቆይ እንጂ፤ ገና ጉልበት ላይ ነኝ!»

«እስከ ጉልበት ይበቃኛል!»

ሄደች። እየሮጠች አይደለም፤ እየተራመደች። ሁለት ግዙፍ ልጆች መሃል ገባች፤ አንዷ በትከሻ ገፋቻት፤ ብሌን መልሳ ገፋቻት። ዓይኔን ልጨፍን ነበር፤ አልጨፈንኩም። ጧ! ክርኑ፣ እግሩ፣ አሸዋው ሁሉ ባንድ ላይ ተደባለቀ። ከዚያ ተበተነ። መሬት ላይ የወደቀ ሰው ፈለግሁ። ማንም የለም።

እኔ ግን ሁለት እጆቼን በመስኮት አውጥቼ፣ አፌ ላይ ከወገብ ወደ ላይ ያለ ምርቃት ሙሉ ይዤ ቀረሁ። ይህ እንግዲህ እንዴት እንደሚያንቅ ልነግራችሁ አልችልም። ማስነጠስ መጥቶ እንደ መመለስ ነው። ባለሽጉጡ ሽጉጡን ኪሱ ከትቶ እየተጎማለለ መጣ።

«ያ ሐጂ፣ ዛሬስ ጨረስክ?»

«ኧረ የት! ጉልበት ላይ ጥላኝ ሄደች።»

«የቀረውስ?»

«ይኸው አለ።»

ሰውዬው ግራ ቀኙን አየ። ቆቡን አወለቀ፤ መላጣው በፀሐይ አበራ። ጎንበስ አለና ሁለት ወፍራም መዳፎቹን በመስኮቱ ዘረጋልኝ። ከወገብ ጀምሬ ለቀቅሁበት። የአምሳ ምናምን ዓመት ባለ ትዳር ሰው ስለሆነ ሰርጉን ዘለልኩለትና ወደ ልጆቹ አለፍኩ። የልጅ ልጆቹን አስታቀፍኩት። «አሚን፣ አሚን» ይላል ዓይኑ እንባ አቅርሮ። ሰውዬው ለካ የልጅ ልጅ ሲጠባበቅ ኖሯል።

ዓይንና ምላስ ላይ ስደርስ የመጀመሪያዋ ልጅ በአሸዋው ጉብታ ብቅ አለች። ምርቃቴን ሳላቋርጥ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት አንድ ላይ። ስድስት። ሰባት፣ ስምንት። ከዚያ ማንም የለም። ነፋስ ብቻ። ባለሽጉጡም ቀና ብሎ አብሮኝ ያያል። ከዚያ ጉብታው ላይ ሁለት ራስ ባንድ ጊዜ ወጣ፤ አንደኛዋ መነሻው ላይ የገፋቻት ግዙፍ ልጅ፣ ሁለተኛዋ የኔይቱ፣ ክርኗ ተልጦ ደም በደም ሆኖ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው መጡ። ጨረሱ። ማን እንደቀደመ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ ግድ አልሰጠኝም፤ ዘጠኝና አሥር ነው። ካፒቴኑ ሁለቱንም አቀፈ፤ ሌላይቱ የእሱ ቡድን እንዳልሆነች ያስታወሰው ዘግይቶ ነው። ከዚያ ወደ መኪናው ሮጦ መጥቶ እኔን በመስኮቱ በኩል ሲያቅፈኝ ክርኑ ጡሩምባውን ተጫነው። ጀህራ ሙሉ ሰማው።

ሳልሚያ ሳንደርስ አዜብ ደወለች። ፀጉር ማድረቂያው ዛሬ አልነበረም፤ አስጠፍታው ይሆናል። እያለቀሰች ነው፣ እየሳቀች ነው።

«ጋሼ! ዛሬ አሳጠሩት አይደል?»

ብሌንን አየኋት። ብሌን የተላጠ ክርኗን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ቀጥታ መንገዱን ታያለች።

«አዎ» አልኩ። «አሳጠርኩት።»

«አዩ! ከመጀመሪያው እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ልጄ ሦስት ወር ባልተሰቃየች!»

«ልክ ነሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ብሌን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ስልኩ ሲዘጋ ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣

«አባባ» አለችኝ፣ «የሚመጣው ዓመት ወቅት ስድስት ውድድር ነው አሉ።»

«ስድስት?»

«ስድስት።»

«ሁሉም ዓርብ ጠዋት?»

«ሁሉም።»

መኪናውን ቀስ ብዬ ዳር አስያዝኩና ትንሽ ቆምኩ።